የባቄላ እናት

ቤቴል ውስጥ፣ ከታክሲ ፌርማታው ዝቅ ብሎ ባልትና ቤት አለኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ እርድ፣ ሚጥሚጣ እሸጣለሁ። ልጄ ደግሞ ባቄላ ከበላ ደሙ ይፈርሳል። እግዜር ጨዋታ አዋቂ ነው ብዬ የማምነው በዚህ ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ ስንት ዓይነት እናት ሞልታ፣ ጫማ የምትሸጥ፣ ፀጉር የምትሠራ፣ ባንክ ቤት መስታወት ጀርባ ቁጭ የምትል እያለች፣ ያንን ልጅ አምጥቶ ለሽሮ ነጋዴ ሰጣት።

ሰፈር ውስጥ የክርስትና ስሜን ተዉት፣ የዓለም ስሜንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የምታወቀው "የባቄላ እናት" ተብዬ ነው። ልጄን ባቄላ ያሉት የሰፈር ልጆች ናቸው። ጥፋቱ የነሱ አይደለም፤ የኔ ነው፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ላስረዳ። ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እንኳ ከአየር ጤና ቤቴል እስክንደርስ ይህንኑ ሰምቶ ነው የሚወርደው። ደማችን ውስጥ ቀዩን የደም ሕዋስ ከጉዳት የሚጠብቅ አንድ ኢንዛይም አለ። ልጄ እሱ ያንሰዋል። በሌላው ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ይሮጣል፣ ኳስ ይለጋል፣ ሶፋዬን ይረግጣል። ባቄላ በልቶ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ግን ደሙ ውስጥ ለውስጥ መፍረስ ይጀምራል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ቅጠል የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ካልተደረሰለት ሊሞት ይችላል። የሚወረሰው ከእናት ነው። እኛ ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ሳያመን ተሸክመነው እንዞራለን፣ ወንዶች ልጆቻችን ላይ ይወጣል። ይኸው፣ ቤቴል ደረስን፤ መውረድ ይቻላል።

በሽታውን ያወቅንበት ጊዜ ሦስት ዓመቱ ነበር። ለሽሮ የሚሆን ባቄላ አስገብቼ በትልቁ ብረት ምጣድ አምሳለሁ። እሱ ከጎኔ ዱካ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ለስለስ ያለውን እየመረጥኩ፣ ልጣጩን እያነሳሁ፣ ትኩስ ትኩሱን እሰጠዋለሁ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "አያችሁልኝ የኔን ልጅ! ሽሮን ሳይፈጭ ያውቀዋል!" እያልኩ እጀነናለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፖፖው ላይ ያየሁት ነገር ግን የሰው ሽንት አይመስልም ነበር። ልጁን ወደ ብርሃን አውጥቼ ዓይኑን ሳየው እርድ የነሰነሱበት መሰለኝ። አንዷ ደንበኛዬ "የወፍ በሽታ ነው፤ ቅጠል የሚሰጥ አዋቂ አለ፣ አሳይሻለሁ" አለች። እኔም ነጠላዬን አንስቼ ልከተላት ነበር። ባሌ በወር አንዴ የሚናገር ሰው ነው። የዚያን ወር ድርሻውን "ሐኪም ቤት!" ብሎ ጨረሰው።

ተረኛዋ ዶክተር ልጅ እግር ናት። የልጁን ዓይን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ሽንቱን አየች፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ "ባቄላ በልቷል?" አለችኝ። ይሄኔ እናትየዋ ጠፍታ ነጋዴዋ ተነሳች። ሽሮሽ ውስጥ ምን ቀላቅለሽ ነው ያለችኝ መሰለኝ።

"ዶክተር፣ የኔ ሽሮ ንጹህ ነው! ይሄን ያህል ዘመን ስሸጥ አንድ ሰው ሆዴን ብሎኝ አያውቅም!" ብዬ ጮህኩባት።

"ስለ ሽሮሽ አይደለም እናቴ። ልጁ ባቄላ በልቷል ወይ?"

"እንዴት አይበላም! ከእጄ እየተቀበለ፣ ትኩስ ትኩሱን ነዋ!" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

ልጄ ክንዴ ላይ ዝሎ፣ እኔ ስለ ሸቀጤ ጥራት እሟገታለሁ። እንዲህ ያለ እናት ሌላ አገር ካለ አምጡና አስተዋውቁኝ።

ደም ተሰጠው። ስለዚያ ሌሊትና ቀን ብዙ መቀለድ አልችልም። ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የማላውቀው ሰው ደም በቀጭኑ ጎማ እየወረደ ወደዚያ ሚጢጢ ክንድ ሲገባ እያየሁ፣ "አምላኬ፣ ይሄን ልጅ ብቻ ተውልኝ፣ ባቄላ የሚባል ነገር ደጃፌን አይረግጥም" ብዬ ተሳልኩ። ሰው ለታቦት ጃንጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል፤ እኔ ባቄላ ተሳልኩ።

አምላክም ተወልኝ። ልጁ አገገመ፤ ቆይተን ተመልሰን ስንሄድ በምርመራም ተረጋገጠ። ያቺው ዶክተር አስቀምጣ አስረዳችኝ። "ባቄላ በምንም መልኩ አይብላ። አንዳንድ መድኃኒቶችም አሉ፣ ሐኪም ሳታማክሪ ምንም አትስጪው። ከዚያ በተረፈ ኑሮው እንደ ማንኛውም ልጅ ነው። ከሰው ጋር ይብላ፣ ይጫወት። አታስፈራሪው።" እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

"ከእናት ነው የሚወረሰው" የሚለው ወሬ የባሌ ቤተሰቦች ዘንድ ከኔ ቀድሞ ደረሰ። የባሌ እናት አስኮ ነው የሚኖሩት። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ነግደው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን ሁሉ እዚያው ግቢ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ "አዶት" ይላቸዋል፤ በአገራቸው ቋንቋ እናት ማለት ነው። አዶት ወሬውን ሰምተው በክፋት አልተናገሩም። "እኛ ቤትማ ድሮስ ባቄላ ማን ያያል? በቆጮ ነው ያደግነው" ብቻ አሉ። እኔ ግን የዘር ክርክር የተከፈተብኝ መሰለኝና በሆዴ "የኛ ዘር ባቄላ ይፈራል እንጂ ሰው አይፈራም!" እያልኩ መልስ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ።

ከኔ ወገን ደስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእናቴ ወንድም። አጎቴ አጠና ተራ አካባቢ እንጨት ይነግዳል። ዕድሜ ልኩን ከንፍሮ ውስጥ ባቄላውን እየለቀመ የሚያወጣ፣ ሽሮ ሲቀርብ "ከምን የተሠራ ነው?" የሚል ሰው ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ፈረንጁ እያለ ሲያሾፍበት ኖሯል። ከሁሉ በላይ የማሾፍበት እኔ ነበርኩ። ስደውልለት ስልኩ ውስጥ ጮኸ። "አይስማማኝም ስላችሁ! ልጅ ሆኜ ቢጫ ሆኜ ልሞት ነበር ስላችሁ! ቅብጠት ነው አላላችሁም?" ይቅርታ ጠየቅኩት። "አሁን ፈረንጅ ሁለት ሆነን" አለኝ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

ከዚያ ዘመቻው ተጀመረ። መጀመሪያ ከሱቄ ባቄላ አባረርኩ። ያለ ባቄላ፣ በሽምብራና በአተር ብቻ ሽሮ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ደንበኞቼ "ሽሮሽ ምን ነካው? ተቀየረ" ሲሉ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ስለ ኢንዛይም ማስተማር ነው። ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሰው የባዮሎጂ ትምህርት ተምሮ፣ ሽሮውን ሳይገዛ ይሄዳል። "ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ" ይባላል፤ የኔ ቤት ላይ የቀለለው ገበያው ነው።

ቀጥሎ ወፍጮ ቤት። ድንጋዩ የኔን ሽምብራ ከመፍጨቱ በፊት የሰውን ባቄላ ሲፈጭ ይውላል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ባለወፍጮው ሲከፍት ድንጋዩ እስኪጸዳ ድረስ እቆምበታለሁ፤ ከዚያ ሁለት ጣሳ ስንዴ በነፃ አስፈጭቼ ድንጋዩን "አጥባለሁ"። ሰውዬው "ወይዘሮ ጤና ጥበቃ መጡ" እያለ ይቀበለኛል። ስንዴውንም "ይሄን ዱቄት እኔ ልውሰደው፣ ለድካሜ" ብሎ ያስቀረዋል።

ልቅሶ ቤትም አልቀረልኝም። ሰው ሬሳ ሸኝቶ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲዘገን እኔ ሳህኑን ተቀብዬ እበረብራለሁ። ልጄ እኮ አብሮኝ የለም። ልማድ ሆኖብኝ ነው! አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው አተኩረው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አሉኝ።

ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ብልሃት መጣልኝ። ሹራቡን ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ጀርባው ላይ በቀይ ክር፣ በትልቁ፣ "ባቄላ አልበላም" ብዬ አስጠለፍኩ። አስተማሪው መጀመሪያ ቀን የኳስ ቡድን ስም መስሎት "የትኛው ሊግ ላይ ነው የሚጫወቱት?" ብሎ ጠየቀው። ልጆቹ ግን ጊዜ አላጠፉም፤ በመጀመሪያው እረፍት ስሙ ባቄላ ሆነ። ያን ቀን ቤት ሲገባ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶት ነበር። "በርዶህ ነው?" አልኩት። "አይ፣ ጀርባዬን አሳክኮኝ ነው" አለኝ። ይሄን ጊዜ ማስተዋል ነበረብኝ። እኔ ግን የሹራቡን ክር ወቅሼ በለስላሳ ክር በድጋሚ አስጠለፍኩት።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ጴንጤ ናት። ልቧ ወርቅ ነው። ስታዝንልኝ ከርማ አንድ ቅዳሜ የጸሎት ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ ልጁን መሀል አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጭነው፣ ቤቱ እስኪናወጥ ጸለዩለት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን ለልጄ የሚጸልይን ሰው ሃይማኖት አልመርጥም፣ አሜን እያልኩ አለቀስኩ። ሲጨርሱ ጎረቤቴ ፊቷ እያበራ "ተፈውሷል! በእምነት አንድ ፍሬ አቅምሺው" አለችኝ። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

"እህቴ፣ ጌታ ከፈወሰው ባቄላ ባይበላም እንደተፈወሰ ይቆያል አይደል?" አልኳት።

አሰበች። "እሱስ ልክ ነሽ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምራ ከኔ የባሰች ጠባቂ ሆነች። የልጇ ልደት ላይ ለሌሎቹ ልጆች አምባሻና ቆሎ ስታድል፣ ለኔ ልጅ የታሸገ ብስኩት አምጥታ፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን እያገላበጠች አሳየችኝ። በጣም ደስ አለኝ። ሌሎችም ጎረቤቶች ተከተሏት። በየሄድንበት ቤት ልጄ እንደ ኤምባሲ እንግዳ የታሸገ ነገር ብቻ ይቀርብለት ጀመር። "ሰፈሩን አስተካከልኩት!" ብዬ ለባሌ ፎከርኩ። እሱ የዚያን ወር ተናግሮ ጨርሶ ነበር መሰለኝ።

ከሁሉ የባሰውን አሁን ልናገር። ባለፈው ሁዳዴ፣ እሑድ ቀን፣ አስኮ ነበርን። ትሪው ቀርቦ ሁሉም ከቦታል። እኔ እጄን ልታጠብ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ አዶት እንጀራ ጠቅልለው፣ አልጫ አስነክተው፣ እጃቸው ወደ ልጄ አፍ እየሄደ ነው። ልጁ አፉን ከፍቷል። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ማንን እንደረገጥኩ አላውቅም። የአዶትን እጅ አንጓቸው ላይ፣ አየር ላይ፣ እንደ ኪስ አውላቂ እጅ ቀጨም አደረግኩት።

ጉርሻ እምቢ ማለት ራሱ ነውር ነው። የትልቅ ሰው እጅ፣ ያውም የባል እናት እጅ፣ እያጎረሱ ሳለ መያዝ ምን እንደሚባል ቃሉ አልተፈጠረለትም። አልጫው ነጭ ነጠላቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

"ውስጡ ምንድን ነው?!" አልኩ።

"ክክ ነው ልጄ" አሉኝ በቀስታ።

"የአተር ነው?"

"የአተር።"

የአተር ካሉ በኋላስ ማረፍ አልነበረብኝም? አላረፍኩም። ጉርሻውን ከጣታቸው ላይ ወስጄ፣ ፈትቼ፣ አገላብጬ አየሁት፤ ከዚያ አፌ ውስጥ ጨመርኩና አላመጥኩ። የአተር ነው። "ይቻላል" አልኩ፣ እንደ ጉምሩክ ሹም። አዶት ግን እጃቸውን ነጠላቸው ላይ ጠረጉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ልጄ አፉን ትንሽ ከፍቶ ቆየ፤ ከዚያ ዘጋው። ሲመሽ ባሌ ታክሲ ውስጥ "እናቴን" አለኝ። ያንን ብቻ። እኔም "ልጄን" አልኩት።

ያ ሁሉ አልፎ መስቀል መጣ። መስቀል ለኔ በዓመት አንዴ ሰው የምሆንበት ቀን ነው። ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ቆጮ፤ ከመሶቡ ጥግ እስከ ጥግ አንዲት ባቄላ የለችም። አስኮ ስንደርስ ግቢው በልጆች ተጥለቅልቋል። እኔ ቁጭ ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ምንም ሳላሸት፣ ምንም ሳልበረብር ከሰው ጋር ሳቅኩ። እንዲህ ዓይነት ቀን ሲመጣ ቆንጆ ሴት ነኝ።

በዚያ ቤት ወግ አለ። ትልልቆቹ ከመብላታቸው በፊት አዶት የልጅ ልጆቻቸውን በተርታ ያስቀምጡና ከትንሹ ጀምረው እያንዳንዱን በእጃቸው ያጎርሳሉ፤ እያጎረሱም ይመርቁታል። "እደግ"፣ "እደጊ"፣ "ለቁም ነገር ብቃ"። ለልጆቹ ለብ ለብ ያለ ክትፎ ለብቻው ተቀምጧል። የኔ ልጅ ከመሀል ነው የተቀመጠው። ሁለት ልጅ ሲቀረው አፉን መክፈት ጀመረ። ያለፈው ዓመት መስቀል ጉንፋን ይዞት ቀርቶ ስለነበር ይህን ቀን ስንት ጊዜ ሲያወራልኝ ከርሟል፤ "አዶት ሲያጎርሱ እጃቸው ትልቅ ነው አይደል?" እያለ።

አዶት ከጎኑ ያለችውን የአጎቱን ልጅ አጎረሷት፣ መረቋት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው አስገብተው የታሸገ ብስኩት አወጡና የልጄ ጭን ላይ አስቀመጡለት፤ ራሱን ዳበስ አደረጉት፤ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ።

ልጄ አፉ እንደተከፈተ ነበር። ብስኩቱን አየው። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳያየው ቶሎ ብሎ አፉን ዘጋ።

እኔ ግን አየሁት። ያን ሁሉ ዘመን ልጄን ባቄላ እንዳይገድልብኝ ስሯሯጥ፣ ሰው ከአፉ አርቄበታለሁ። ከክፉውም ከደጉም እጅ ጠብቄዋለሁ። ቤት ሙሉ ሰው ሲጎራረስ እሱ ብቻ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀርብለታል፤ ሁሉም ይወዱታል፣ ሁሉም ይፈሩታል። ይሄ ነው እንግዲህ ያስተካከልኩት ሰፈር።

"አዶት፣ እሱንስ?" አልኩ።

"ብስኩት ገዝቼለታለሁ ልጄ። የታሸገ ነው፣ እየውማ።"

"ክትፎው እኮ ምንም የለበትም። ይችላል። አጉርሱት።"

"አውቃለሁ" አሉ። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። "ግን እፈራለሁ። ለሱ ሲሆን እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ አጉርሺው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ዘወር ብዬ የባሌን ወንድሞች፣ ሚስቶቻቸውን አየሁ። "እናንተስ?" አልኩ። ሁሉም ቆጮው ላይ አቀረቀረ። ባሌ ለመነሳት ሲል በዓይኔ መለስኩት፤ የአባት ጉርሻማ በየቀኑ አለው፤ ያጣው የአዶትን ነው።

እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። "አዶት፣ ያን ቀን እጅዎን ስይዝ አብጄ ነው። እግርዎን ልሳም፤ በሞቴ ያጉርሱት።" አሁን ይሄን ማን ያምነኛል? ሰውን ሁሉ "አታጉርሱብኝ" እያልኩ የኖርኩ ሴት "አጉርሱልኝ" ብዬ ጉልበት ይዤ እለምናለሁ። አዶት "ተነሽ፣ ተነሽ፣ ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ" እያሉ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው አስነሱኝ። በቀኛቸው ክትፎውን በቆጮ ጠቀለሉ። ወደ ልጄ ዘረጉት።

ልጄ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

"ውስጡ ምንድን ነው?" አላቸው።

ድምፁ የሱ ነው፤ አነጋገሩ ግን የኔ ነው። ያው ቁጣ፣ ያው ጥርጣሬ፣ ቅንድቡ እንኳ እንደኔ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ሰው ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

"ሥጋ ነው የኔ ልጅ" አሉ አዶት።

"ሌላስ?"

"ቅቤ። ሚጥሚጣ። ኮረሪማ።"

"ቆጮውስ?"

"እንሰት ነው። ሌላ ምንም የለውም።"

"ባቄላ የነካ እጅ ነው?"

አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም። አዶት ሳይቆጡ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጠያቂ አክብረው መለሱለት። "አልነካሁም። ዛሬ እዚህ ግቢ ባቄላ አልገባም። ጠዋት እኔው ራሴ አይቻለሁ።" ስሰማቸው ገባኝ፤ ለካ አዶት ይሄን በዓል ሲደግሱ ጓዳቸውን ለሱ ሲሉ ሲፈትሹ ነው የሰነበቱት። ፍርሃታቸው ውስጥ ያን ያህል ፍቅር እንዳለ አላወቅኩም ነበር።

ልጄ መዳፉን ከአፉ አነሳ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ" አለኝ።

እጄ ሊዘረጋ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጣቶቼ ተነሱ። የማንም ሰው ምግብ በሱ አፍ የሚገባው በኔ ምላስ በኩል ካለፈ በኋላ ነዋ! ግን ልጁ ከኔ በላይ ጠይቋል፤ ከኔ በላይ በትክክል ጠይቋል፤ መልሱንም ሰምቷል። ነገ ትምህርት ቤት፣ ከነገ ወዲያ ጓደኞቹ ቤት፣ አንድ ቀንም እኔ በማልኖርበት አገር ሰው ሲያጎርሰው የምቀምስለት እኔ አይደለሁም። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

"አልቀምስም" አልኩት። "ጠይቀሃል፣ ነግረውሃል። ከፈለግክ ብላ።"

አዶት እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ልጄ አንዴ እሳቸውን አየ፣ አንዴ እኔን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ትልቁ ጉርሻ እየተገፋ ገባ። ጉንጮቹ አበጡ። አዶት "እደግ፣ ተመንደግ" አሉት፣ ድምፃቸው ሰባራ ሆኖ። ያላምጣል። እኔ አፍንጫው ሥር ቆሜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆን ይመስል ዓይኑን አያለሁ፤ በአንዲት ደቂቃ የሚመጣ ነገር እንዳልሆነ ከማንም በላይ እያወቅኩ።

አፉ እንደሞላ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝ።

"እማዬ፣ አታፍጪብኝ" አለኝ። "ወዲያ ዙሪ። ስታዪኝ አይጣፍጠኝም።"

ዞርኩ። በዚያ ሁሉ የባሌ ዘመድ ፊት፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ቆምኩ፤ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከኋላዬ አዶት "ና እንጂ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል" ሲሉ ሰማሁ፤ ልጄም አፉ ሞልቶ ሲስቅ ሰማሁ። ዘወር ብዬ አላየሁም።